የሰንጢ መቆለፊያ ምን ያህል ይታመናል?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚገኙት የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ከባትሪ ድንጋይ፣ ከምላጭ፣ ከመርፌና ከክር አጠገብ በካርቶን ላይ ተደርድሮ የተሰቀለ ሰንጢ ብዙውን ጊዜ አያጣም። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ከነጠላው የሚገኘውም ትርፍ እንደዚያው ትንሽ ነው። ከዚህ የተነሣ አስመጪው ትእዛዙን ሲጽፍ ስለ ብዛቱ፣ ስለ መልኩና ስለ ዋጋው እንጂ ስለ አሠራሩ አብዝቶ አይጨነቅም። ባለሱቁም ከመርካቶ በደርዘን ገዝቶ ሲያመጣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ይቆርጣል» ካለ በኋላ ወደ ዋጋው ክርክር ያልፋል። ሆኖም መቁረጡ የሰንጢ ግማሽ ጉዳይ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ይልቁንም ገዢውን ሐኪም ቤት ሊያደርሰው የሚችለው ግማሽ፣ ስለቱ ከተከፈተ በኋላ ተከፍቶ የሚቆይ መሆንና አለመሆኑ ነው።

ሦስቱ ከተሞች ከአዲስ አበባ ለሚወጡ ሦስት አውራ ጎዳናዎች እንደ በር ናቸው። ሰበታ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ፣ ቡራዩ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ይጠቃለሉ እንጂ የየገበያቸው ጠባይ አንድ አይደለም። የሱሉልታ ሜዳ ለአዲስ አበባ የወተት ላም አርቢዎች የሚሸጥ ድርቆሽ የሚታጨድበት ስለሆነ፣ በዚያ ያለው ገዢ ሰንጢውን የሚፈልገው የድርቆሹን እስር ገመድ ለመበጠስ ነው። በቡራዩ ግንባታው በርክቷልና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሽቦ ልባስ ሊልጥበት፣ የቧንቧ ሠራተኛው ላስቲክ ሊቆርጥበት ይገዛዋል። ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ደግሞ ሰንጢው ጆንያ በሚፈታና ካርቶን በሚከፍት ሰው እጅ ይገባል። ብርቱካን የሚልጠውና ሸንኮራ አገዳ የሚቆርጠው በሦስቱም ዘንድ አለ።

ይህ የሥራ ልዩነት እዚህ የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ገመድ የሚበጥስ ሰው ስለቱን በገመዱ ላይ አሳርፎ ወደ ራሱ ይስባል፤ በዚህ ጊዜ ገመዱ ስለቱን የሚገፋው ወደ መከፈት እንጂ ወደ መታጠፍ አይደለም። ስለዚህ መቆለፊያ ባይኖረውም እንኳ አደጋው ጥቂት ነው። አደጋው የሚመጣው የካርቶን ወይም የጀሪካን ግድግዳ በሰንጢው ጫፍ ሲበሳ፣ ጆንያ ውስጥ የተቀረቀረ ስለት እየተወዘወዘ ሲወጣ፣ ወይም አንድ ነገር በስለቱ ጀርባ ሲፈለቀቅ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ኀይሉ በስለቱ ጀርባ በኩል ይመጣና ስለቱን ወደ እጀታው ስንጥቅ ይመልሰዋል። በስንጥቁ አፍ ላይ የሚገኙት ደግሞ እጀታውን የጨበጡት አራቱ ጣቶች ናቸው። የጣት ጅማት ከተቆረጠ ጣቱ አይታጠፍም፤ በራሱም አይጠገንም። በቀዶ ሕክምና ተሰፍቶ ለሳምንታት ታስሮ መቀመጥ አለበት። በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሰው ይህ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

በገበያ ላይ ያለው ሰንጢ ከሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው መቆለፊያ የሌለው ነው። በዚህ ዓይነቱ ሰንጢ ጀርባ በኩል ጠንካራ ሞላ ተዘርግቶ የስለቱን ተረከዝ፣ ማለት በእጀታው ውስጥ የሚቀረውን የስለቱን ሥር፣ ይጫነዋል። ስለቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ሞላው ስለሚያዘው በራሱ አይወዛወዝም፤ ነገር ግን በቂ ኀይል ከመጣ ይታጠፋል። አሠራሩ በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የተስፋፋ ሲሆን እስከ ዛሬም አልተተወም። ካርል ኤልዝነር የተባለው ስዊሳዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1884 የከፈተው ሥራ ቤት፣ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ የጀመረውና ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የሚባለው፣ የታወቁትን ቀያይ ትናንሽ ሰንጢዎቹን እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። መስቀል የተሳለበትን ቀይ ሰንጢ የያዘ ሰው ሁሉ መቆለፊያ ያለው ይመስለዋል፤ ብዙዎቹ ግን የላቸውም።

ሁለተኛው ወገን መቆለፊያ ያለው ነው። ስለቱ ሲከፈት አንድ ብረት ከተረከዙ ኋላ ገብቶ መንገዱን ይዘጋበታል፤ ያ ብረት በእጅ ካልተነሣ በቀር ስለቱ አይታጠፍም። ቢያንስ የተባለው እንዲህ ነው። ገዢው የሚከፍለው ተጨማሪ ገንዘብም ለዚህ ተስፋ ነው።

ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባው ዋና ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። መጥፎ መቆለፊያ ያለው ሰንጢ ጨርሶ ከሌለው የባሰ ነው። መቆለፊያ እንደሌለው ያወቀ ሰው ይጠነቀቃል፤ በጫፉ አይወጋም፣ በጀርባው አይፈለቅቅም፣ ጣቱን ከስንጥቁ ያርቃል። አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደ ሱቅ ገብቶ «ጋሼ፣ ይኼ ይቆለፋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባለሱቁም «አዎ ልጄ፣ ይቆለፋል» ብሎ ሲመልስለት ግን ጥንቃቄው ከእጁ ወደ መቆለፊያው ተዛውሯል። ከዚያ በኋላ የሚተማመነው በባለሱቁ ቃል ነው። ባለሱቁ ራሱ የፈተነው ነገር ከሌለ ያ ቃል በምን ላይ እንደ ቆመ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመቆለፊያው ዓይነት ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ የየራሱ ድካም አለው። ከሁሉ የቀለለውና ለዐይን ግልጽ የሆነው የቀለበቱ ነው። በፈረንሳይ አገር በሳቮያ ዮሴፍ ኦፒኔል በ1890 መሥራት የጀመረውን የእንጨት እጀታ ያለውን ሰንጢ የሚያውቁ ብዙ ናቸው። ይኸው ሰንጢ ለብዙ ዘመን ያለ መቆለፊያ ከተሸጠ በኋላ በ1955 በአንገቱ ላይ የሚሽከረከር የብረት ቀለበት ተጨመረለት። ቀለበቱ አንድ ስንጥቅ አለው፤ ስለቱ በስንጥቁ በኩል ይወጣል፤ ቀለበቱ ወደ ጎን ሲዞር ግን ስንጥቁ ከተረከዙ ይርቅና ስለቱ የሚመለስበት መንገድ ይዘጋል። ሞላ የለውም፤ ተደብቆ የሚበላሽ ነገርም የለውም፤ መቆለፉ በዐይን ይታያል። ድካሙ ባለቤቱ በየጊዜው በእጁ ማዞር ያለበት መሆኑ ነው። የቸኮለ ሰው ይረሳዋል፤ ያልዞረ ቀለበት ደግሞ ከጌጥ አይቆጠርም። ከዚህም ሌላ እንጨቱ እርጥበት ሲነካው ስለሚያብጥ፣ እንደ ሱሉልታ ባለ ደጋ በክረምት ወራት ስለቱን ከእጀታው ማውጣት ያስቸግራል።

በመላው አፍሪካ፣ ይልቁንም በደቡቡ ክፍል፣ የታወቀው ኦካፒ የተባለው ሰንጢ በጀርመን አገር በ1902 ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ ሥራው ከ1988 ወዲህ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛውሯል። በጀርባው ያለው ሞላ ተረከዙን ይይዛል፤ ለመዝጋትም በሞላው ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቀለበት ወደ ላይ ትሳባለች። ሲከፈት ደጋግሞ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ድምፁ ይታወቃል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ የአሠራሩ ጥራት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ማየት ይሻላል።

የጀርባው መቀርቀሪያ የሚባለው በአሜሪካን አገር የበክ ኩባንያ በ1964 ቁጥር 110 ብሎ ባወጣው ሰንጢ ስሙ የገነነ ነው። በእጀታው ጀርባ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የሚል ዘንግ አለ፤ ከፊቱ ጥርስ፣ ከኋላው ሞላ አለው። ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጥርሱ በተረከዙ ላይ ወደ ተቈረጠው ጉድጓድ ይወድቃል። በደንብ ከተሠራ ጽኑ ነው፤ በሁለቱም እጅ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። ክፉ ነገሩ ጉድጓዱ ጠባብ መሆኑ ነው። የመንገድ አቧራ፣ የድርቆሽ ብናኝ ወይም የብርቱካን ጭማቂ እዚያ ውስጥ ከደረቀ ጥርሱ እስከ መጨረሻው አይወርድም፤ ሰንጢው የተቆለፈ መስሎ ይታያል እንጂ በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው የተያዘው። ሁለተኛው ክፉ ነገር የመልቀቂያው ቦታ ነው። መልቀቂያው ከእጀታው መካከል ላይ ከሆነ እጀታውን አጥብቆ የጨበጠ ሰው ሳያውቀው በመዳፉ ሊጫነው ይችላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ በርካሹ ሰንጢ ላይ የሚታየው ግን የጎን ላሜራው መቆለፊያ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በእጀታው ውስጥ ከግራና ከቀኝ ሁለት ቀጫጭን ላሜራዎች አሉ። ከሁለቱ አንዱ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ቁራጩ ወደ ውስጥ ጎበጥ ተደርጎ ይሠራል። ስለቱ ሲዘጋ ቁራጩ ወደ ጎን ተገፍቶ ይቀመጣል፤ ስለቱ ሲከፈት ግን በራሱ ግፊት ወደ መካከል ዘልሎ ከተረከዙ ኋላ ይቆማል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለአሜሪካን የመገናኛ ወታደሮች በተሠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰንጢ ላይ ካቻቢቴውን የሚይዘው ይኸው ዘዴ ነበር። ማይክል ዎከር የተባለው አሜሪካዊ ሰንጢ ሠሪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሻሽሎ ለዋናው ስለት ካዋለው በኋላ ግን በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

ለፋብሪካው የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ላሜራው ራሱ የእጀታው አካል፣ ራሱ ሞላ፣ ራሱም መቆለፊያ ስለሆነ ሌላ ብረት መጨመር አያስፈልግም። ይህ ቁጠባ ግን ሥራውን ሁሉ በሁለት ፊቶች ላይ ይጥለዋል፤ እነርሱም የላሜራው ጫፍና የተረከዙ ፊት ናቸው። የተረከዙ ፊት በጥቂት ዲግሪ ዘመም ተደርጎ ይሞረዳል፤ የላሜራው ጫፍም ያን ዝንባሌ ተከትሎ መሠራት አለበት። ዝንባሌው ሲበዛ በስለቱ ጀርባ የመጣው ኀይል ላሜራውን ወደ ጎን ያንሸራትተውና ሰንጢው ይታጠፋል። ሲያንስ ደግሞ ላሜራው ተጣብቆ ለመዝጋት ያስቸግራል። በጥንቃቄ የሚሠራ ፋብሪካ ይህን አንድ በአንድ ያስተካክላል። በርካሽ ዋጋ በብዛት የሚያወጣ ፋብሪካ ግን በማተሚያ መኪና ቀጥቅጦ ያልፋል፤ ስለሆነም በአንድ ካርቶን ውስጥ፣ በአንድ ስምና በአንድ መልክ፣ አንዱ ጽኑ ሌላው ልል ሆኖ ይገኛል። ላሜራው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሣሣ ሲሆን ነገሩ ይከፋል፤ ጫፉ ሳይንሸራተት እንኳ መካከሉ ሊጎብጥ ይችላል።

እርጅናም በዚህ ዓይነቱ ላይ ፈጥኖ ይታያል። ተረከዙ እንደ ስለቱ በእሳት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ለስላሳውን ላሜራ እየበላው ይሄዳል። አዲስ ሳለ ላሜራው የተረከዙን ወርድ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ሸፍኖ መቆም ይገባዋል። ጫፉን ብቻ ከነካ በቂ መያዣ የለውም፤ በአዲስነቱ ተረከዙን ሁሉ አቋርጦ ማዶ ካለው ላሜራ ጋር ከተነካካ ደግሞ ገና ሳይሠራበት ያረጀ ነው።

ከዚሁ ዘር የሆነው ሌላው መቆለፊያ፣ ቀጭን ላሜራ ሳይሆን የእጀታው ወፍራም ጎን ራሱ ተሰንጥቆ የሚያገለግልበት፣ የክሪስ ሪቭ ፈጠራ ነው። ሰውየው ሥራውን የጀመረው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ይህን መቆለፊያ የያዘውን ሰንጢውንም «ሰበንዛ» ብሎታል፤ በዙሉ ቋንቋ ሥራ ማለት ነው። ዋጋው ግን በእኛ አገር ባለሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። በ1998 የአሜሪካኑ ቤንችሜድ ያወጣው በተረከዙ ላይ ተጋድሞ የሚቆም መስቀለኛ ዘንግም የፈጠራ መብቱ ጊዜ ስላለፈ አሁን በቻይና ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ዘንጉን የሚገፉት ከግራና ከቀኝ የተቀመጡ ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ሞላዎች ስለሆኑ፣ ሽቦው ክፉ ከሆነ ይሰበራል። የተሰበረውንም ለመተካት ጠጋኝ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

እንግዲህ ባለሱቁ ምን ያድርግ? መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ጠረጴዛ፣ የታጠፈ ጨርቅና ትንሽ ጊዜ ይበቁታል። በመጀመሪያ ሰንጢውን ከፍቶ በብርሃን ፊት ይዞ የመቆለፊያውን ቦታ በዐይኑ ያያል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ በግማሽ የወደቀ ጥርስም ይጮኻል። ቀጥሎም ስለቱን በጀርባው በኩል በሁለት ጣት ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሰዋል። ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የመገናኛው ብሎን ልል ነው፤ ብሎኑ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ በካቻቢቴ ይስተካከላል። በችንካር ተቀጥቅጦ የተያያዘ ከሆነ ግን መፍትሔ የለውም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጉድለቱ ከመቆለፊያው ስለሆነ ይበልጥ ያሰጋል።

ዋናው ፈተና የጀርባው ግፊት ነው። የሚፈትነው ሰው እጀታውን ከግራና ከቀኝ ጎኑ ብቻ ይይዛል፤ አንድም ጣቱ በስንጥቁ አፍ ላይ መዋል የለበትም። የስለቱን ጀርባ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተቀመጠው ጨርቅ ላይ ያሳርፍና ቀስ በቀስ ኀይል እየጨመረ ይጫናል። ጀርባውን በእንጨት ላይ እየመቱ የሚፈትኑ አሉ፤ ይህ ግን ጥሩውንም መቆለፊያ የሚጎዳ ስለሆነ የሚመከር አይደለም። በእጅ ግፊት ብቻ የታጠፈ ሰንጢ «ይቆለፋል» ተብሎ ሊሸጥ አይገባውም። ለጎን ላሜራው ዓይነት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ስለቱን በለስላሳ እንጨት ውስጥ ጥቂት አስገብቶ እጀታውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በመጠኑ ማጠማዘዝ ነው። ቀጥ ብሎ ሲጫኑት የጸና ላሜራ ሲጠማዘዝ የሚያመልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በሥራ ላይ የሚደርሰውም ይኸው መጠማዘዝ ነው። በመጨረሻም ሰንጢውን ሃምሳ ጊዜ ያህል ከፍቶና ዘግቶ ፈተናውን መድገም ይጠቅማል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ የሚጸና መቆለፊያ በዚህ ይታወቃል።

ሁሉን መፈተን የማይቻል ከሆነ ከልዩ ልዩ ካርቶኖች፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም፣ እየመረጡ መፈተን ይገባል። ከአንድ ደርዘን ውስጥ አንዱ እንኳ ከታጠፈ ያን ደርዘን አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው። አንዳንድ ባለሱቆች ልል የሆነውን ላሜራ በፒንሳ ወደ ውስጥ ጎበጥ አድርገው ይሸጡታል። ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ጫፉ ግን ከተረከዙ ጋር ስለማይገጥም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህን የመሰለ ጥገና ጉድለቱን ከባለሱቁ ወደ ገዢው እጅ ማሻገር እንጂ ማዳን አይደለም።

ለአስመጪው ነገሩ ቀደም ብሎ፣ ከትእዛዙ ደብዳቤ ይጀምራል። ርካሹ ሰንጢ በብዛት የሚሠራው በቻይና ጓንግዶንግ አውራጃ በያንግጂያንግ ከተማ ነው። ከዚያ የሚመጣው ናሙና አብዛኛውን ጊዜ መልካም ነው፤ በኋላ የሚደርሰው ጭነት ግን ናሙናውን ላይመስል ይችላል። ስለዚህ ከናሙናዎቹ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በሻጩና በገዢው ፊርማ አሽጎ ማስቀመጥ፣ በፕሮፎርማውም ላይ «ሰንጢ፣ መቆለፊያ ያለው» ብሎ ከመተው ይልቅ የመቆለፊያውን ዓይነት፣ የላሜራውን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ መገናኛው በብሎን ወይስ በችንካር እንደ ሆነ ማስጻፍ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መደብ ስለቱ የሚታጠፍ ቢላዋ 8211.93 በሚለው ቁጥር ሥር ይገባል፤ ይህ ቁጥር ግን የሚቆለፈውን ከማይቆለፈው አይለይም። የጉምሩክ ወረቀት ትክክል መሆኑ ስለ መቆለፊያው ምንም አያረጋግጥም።

በባንክ የብድር ደብዳቤ የሚከፍል ነጋዴ ደግሞ አንድ ነገር መርሳት የለበትም። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ቁጥር 600 የተባለው ደንብ እንደሚለው፣ ባንኮች የሚመለከቱት ሰነድን ነው እንጂ ሰነዱ የሚናገርለትን ዕቃ አይደለም። ሰነዶቹ ተሟልተው ከቀረቡ ባንኩ ይከፍላል፤ መቆለፊያው ይታጠፍ አይታጠፍ አይጠይቅም። ስለዚህ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ ታይቶ የምርመራው ወረቀት ከሰነዶቹ አንዱ እንዲሆን አስቀድሞ በብድር ደብዳቤው ላይ ማስጻፍ የአስመጪው ፋንታ ነው። ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰና በሞጆ ደረቅ ወደብ አልፎ መጋዘን ከገባ በኋላ፣ የአንድ ካርቶን ሰንጢ ወደ ያንግጂያንግ መመለስ ከሰንጢው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ መንገዱን ቢያቀርበውም፣ ይህን ሒሳብ አልለወጠውም።

በአገር ውስጥ ሽያጭም ቢሆን መዘግየት ይጎዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት የነጻ መሆኑን ዋስ እንዲሆን ሲያስገድድ፣ ገዢውም ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ሃያ ደርዘን ያወረደ የቡራዩ ባለሱቅ ካርቶኖቹን ሳይከፍት ለወራት ካስቀመጠ በኋላ «መቆለፊያው አይሠራም» ብሎ ቢመለስ ክርክሩ ይከብደዋል። ዕቃው በደረሰ ሰሞን ከፍቶ ፈትኖ፣ ጉድለት ቢያገኝ በጽሑፍ ማስታወቅ ይበጀዋል።

በሱቁ ውስጥ ደግሞ የሚቆለፈውንና የማይቆለፈውን በአንድ ካርቶን ላይ ቀላቅሎ መስቀል መልካም አይደለም። የማይቆለፈው ሰንጢ ነውር የለበትም፤ ብርቱካን ለሚልጥና ገመድ ለሚበጥስ ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። የሚያስፈልገው «ይህ አይቆለፍም፤ በጫፉ አይውጉበት» ብሎ መናገር ብቻ ነው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ለመጋዘን ሠራተኛው የተፈተነውን መስጠት ይገባል። ለሕፃናት ግን ሁለቱንም አለመሸጥ ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዘመድ ስጦታ የሚገዛ ደንበኛ ቢመጣም ጥቂት ቃል ይጠቅመዋል። በእንግሊዝ አገር ስለቱ ከሦስት ኢንች ያልበለጠና የማይቆለፍ ሰንጢ በኪስ መያዝ ሲፈቀድ፣ የሚቆለፈውን ግን ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ያስከስሳል። በጀርመን አገርም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞር ተከልክሏል። በአውሮፕላን ሲሄዱ ሰንጢን በእጅ ሻንጣ አለመያዝ ይሻላል።

የቀረው ስለ አያያዙ ነው። የሸንኮራና የብርቱካን ጭማቂ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ሰንጢው በሞቀ ውሃ ታጥቦ፣ መቆለፊያው የሚቀመጥበት ጉድጓድ በቀጭን እንጨት ተጠርጎ፣ በደንብ መድረቅ አለበት። ከዚያም አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በመገናኛው ላይ ይበቃል። የምግብ ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ እርሱ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይረጋና አቧራውን ይሰበስባል። በጎን ላሜራው ዓይነት ላይ ዘይቱ መገናኛውን አልፎ ላሜራው ከተረከዙ ጋር ወደሚነካካበት ፊት እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከደረሰም በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ያ ፊት ደረቅ ሆኖ መቆየት ያለበት ነውና።